ብሩሼን ያስጣለኝ ድንጋይ

ከቀለም ጡረታ ወጥቻለሁ። የስንብት ደብዳቤ የጻፈልኝ፣ የግድግዳ ሰዓት የሸለመኝ፣ «ባልደረባችንን በክብር እንሸኛለን» ብሎ ለስላሳ ያስከፈተልኝ የለም። ራሴው ወስኜ ዲላ ገበያው አጠገብ ከነበረችው ሱቄ በር ላይ «የጽሑፍና የሥዕል ሥራ» የሚለውን ታፔላ በገዛ እጄ አወረድኩት። ዕድሜዬ ሃምሳን ጥቂት ያለፈ ስለሆነ፣ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሕመምተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«ያ የባነር ማሽን ነው አይደል ከሥራ ያስወጣህ?»

አዎ እንድላቸው ይፈልጋሉ። የእጅ ጽሑፍ ውበት እንዴት እንደጠፋ፣ ማሽን ነፍስ እንደሌለው፣ ድሮ ሁሉም ነገር ጥሩ እንደነበር እንዳወራላቸው ይጠብቃሉ። አላደርገውም። ማሽኑ ከእኔ ይበልጣል። ፊደሉ አይንጋደድም፤ ለሐሙስ የተባለውን ለሐሙስ ያደርሳል፤ ደንበኛ አቁሞ ስለ ሥነ ጥበብ አያወራም። እኔ ሦስቱንም አጥፍቻለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ የሠራሁትን ሥራ እንዳልወደድኩት የገባኝ ደግሞ የምወደውን ካገኘሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሐዘን የለበትም፤ ለማዘን የመጣ አንባቢ ካለ ከአሁኑ ይወቀው።

ሥራ የጀመርኩት ወርቃ አካባቢ፣ በሥዕል አስተማሪነት ነው። ክፍለ ጊዜዬ ሁልጊዜ የመጨረሻው ሲሆን የሒሳብ መምህሩ በፈለገው ቀን ይወስደው ነበር። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ። ለእሳቸው ሥዕል ማለት የሳይንስ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚሣል የሰው ልብ ነው። ሣልኩላቸው፤ ቀዩን ቀይ፣ ሰማያዊውን ሰማያዊ አድርጌ። አንድ ቀን የጤና ባለሙያ ለጉብኝት መጣና ግራና ቀኙን እንዳቀያየርኩ ነገራቸው። ርዕሰ መምህሩ ትንሽ አሰቡና፣ «ልጆቹ ለምደውታል፤ ይቆይ» አሉ። እስከማውቀው ድረስ ያ ልብ ለዓመታት በተቃራኒው መታ።

ቀጥሎ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ «የሥነ ጥበብ ባለሙያ» ሆንኩ። ደመወዙ ትንሽ፣ የሚሞላው ቅጽ ብዙ ነበር፤ በዚህ ላይ ተጨማሪ ቀለም አላባክንም። እዚያ በየዓመቱ የሣልኩት አንድ ነገር ነው፤ ትክል ድንጋይ። የጌዴኦ ምድር የጥንት ሰዎች ጠርበው ባቆሟቸው ድንጋዮች የተሞላ ነው። አንዳንዶቹ ዓይንና አፍንጫ አላቸው። ለበዓል ፖስተር፣ ለቀን መቁጠሪያ፣ ለእንግዳ መቀበያ ሁሉ እነሱን እሥላለሁ። አለቃዬ ከጀርባዬ ቆመው ያያሉ።

«ለምንድን ነው የማይስቀው?» አሉኝ አንድ ጊዜ።

«ድንጋዩ?»

«አዎ። የሚያኮርፍ ነገር እንግዳ አይስብም።»

አሳቅሁት። ጥርስ ጭምር ጨመርኩለት። እኔም ከእሳቸው የተሻልኩ አልነበርኩም፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ድንጋዮቹ ወደቆሙበት ወደ ቱቱ ፈላ ሄጄ አንዱንም ድንጋይ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ከፎቶግራፍ ነበር የምገለብጠው። ዛሬ ድንጋይ ስጠርብ የሚያዩኝ የዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ «ጋሼ፣ ይሄማ ዲኤንኤ ነው!» ይሉኛል። ዲኤንኤ ከሆነ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የት ሲያንቀላፋ ነበር እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ አያምኑኝም። የአያት ደም የሚለው ታሪክ ከልምምድ ይልቅ ይጣፍጣል።

ከመሥሪያ ቤቱ ለቅቄ ሱቅ ከፈትኩ። የምግብ ቤት፣ የፀጉር ቤት፣ የወፍጮ ቤት ታፔላ ጻፍኩ። የመቃብር ሐውልት ላይም ስም በቀለም እጽፍ ነበር። ሁለት ክረምት ሲያልፍ ይደበዝዛል፤ ቤተሰቡ ይመለሳል፤ እንደገና እጽፋለሁ። ከሙታን ጋር ቋሚ ደንበኝነት ነበረኝ ማለት ይቻላል።

ማሽኑ መጥቶ ገበያው በቀዘቀዘ ሰሞን እማማ ማርታ ዱካለ መጡ። ይርጋጨፌ አጠገብ የኢዲዶ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን እሳቸው ሰማንያ ይላሉ፤ ልጃቸው አበበች ሰማንያ ሦስት ትላለች። ሙሉ ዕድሜያቸውን ቡና ለቅመው፣ ቡና አድርቀው ስድስት ልጆች አሳድገዋል። ፊደል የቆጠሩት ግን ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያን መዝሙሩን ከመጽሐፉ ላይ እያነበቡ ለመዘመር ብለው ነው። የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ብርሃናቸውን ቀስ በቀስ ወስዶት ነበር። ሐኪም፣ የሄደው አይመለስም ብሏቸዋል። አበበች ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው።

«መቃብር ላይ ስም ትጽፋለህ አሉኝ።»

«እጽፋለሁ እማማ። ለማን ነው?»

«ለእኔ።»

አበበችን አየኋት። «ተናግሬ ደክሞኛል» አለች።

«ስሞት የሚያሠሩትን አውቀዋለሁ» አሉ እማማ ማርታ። «ሲሚንቶ ያፈሳሉ፣ ፎቶ ይለጥፋሉ፣ ‹ደጓ እናታችን› ይላሉ። ደግ አልነበርኩም። ቁጡ ነበርኩ። ጠይቃት።»

«ቁጡ ነበረች» አለች አበበች።

«ስሜና ሥራዬ ብቻ ይጻፍ። ‹ማርታ ዱካለ። ቡና ለቀመች።› በቃ። ሌላ ነገር አልፈልግም። ግን ከመሞቴ በፊት እኔው ራሴ ላንበው።»

«ይቅርታ እማማ… በምን ያነቡታል?»

«ጣት አለኝ!»

ያለኝን ምርጥ ሥራ ከግድግዳው አወረድኩ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በወርቃማ ቀለም የተጻፈ፣ ጥላ የተሠራለት ጽሑፍ ነበር። ጥላው ፊደሉን ከሰሌዳው ላይ ብድግ ያለ ያስመስለዋል። በዚያ ጥላ ስኮራ ኖሬያለሁ። ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ጣታቸውን ከዳር እስከ ዳር አሳለፉበት። መለሱና ደገሙት።

«መቼ ነው የሚጀምረው?» አሉኝ።

ብዙ ተቺ አንብቤያለሁ፤ እኔም ስለ ሌሎች ሥራ ብዙ ክፉ ነገር ጽፌያለሁ። እንደዚያ ያለ ትችት ግን ከማንም አልሰማሁም፤ ደግሞ ሴትዮዋ ለመተቸት አልነበረም ያሉት። ከልባቸው እየጠየቁ ነበር።

«ይቆዩኝ፤ በድንጋይ እጠርብልዎታለሁ» አልኩ። በሕይወቴ ድንጋይ ጠርቤ አላውቅም ነበር።

ከዲላ ወጣ ብሎ ኮብልስቶን የሚጠረብበት ግቢ አለ። እዚያ ጋሽ በራሶ የሚባሉ፣ ወደ ሰባ የተጠጉ የጌዴኦ ሰው አገኘሁ። ወጣት ሳሉ ከወፍጮ ቤት ወፍጮ ቤት እየዞሩ ያለቀ የወፍጮ ድንጋይ ይወቅሩ ነበር። ቆመው ሰሙኝ።

«ስንት ዓመትሽ ነው?» አሉኝ። አማርኛቸው ለወንድና ለሴት ብዙ አይጨነቅም።

«ሃምሳ ሁለት።»

«ትንሽ ዘግይተሃል። ችግር የለም፤ ድንጋይ አልቸኮለችም። እጅህን አሳየኝ።» አገላብጠው አዩት። «የጸሐፊ እጅ ናት። ትቆስላለች።»

«ትድናለች?»

«እጅ ትድናለች። ወገብህን አላውቅም።»

መምህር ነበርኩ ማለቴ ተሰማ መሰለኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «መምህር» ሆነ። በተለይ መዶሻው አውራ ጣቴን ባገኘው ቁጥር፣ «መምህር፣ ዛሬ ትምህርቱ ምንድን ነው?» ይሉኛል።

የጋሽ በራሶን ልማድ ልናገር፤ ካወቅሁት ነገር ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነውና። ጠዋት ግቢ ሲገቡ ከማንም ጋር አይነጋገሩም። መዶሻም አያነሡም። በቢጫ ጀሪካን ውኃ ያመጡና ለዕለቱ የተዘጋጁት ድንጋዮች ላይ አንድ በአንድ ያፈሳሉ። ከዚያ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ዝም ብለው ያያሉ። መጀመሪያ የሚያጥቡ መስሎኝ ነበር፤ ድንጋይ የሚያጥብ ሰው ምን ዓይነት ንጹሕ ሰው ነው ብዬ ተደነቅሁ። ሳምንት ቆይቼ ጠየቅኋቸው።

«ስትደርቅ እያት» አሉኝ።

አየሁ። ፀሐይዋ የድንጋዩን ፊት ከዳር ጀምሮ አነጣችው። ሁሉም ደርቆ መሐሉ ላይ አንዲት ክር የመሰለች መስመር ጥቁር ሆና ቀረች።

«ጠጣች» አሉ ጋሽ በራሶ። «ውስጧ ስንጥቅ አለ። ውኃውን የደበቀችው እዚያ ነው።» ገፋ አድርገው ወደ ጎን አስወገዱት። ቀጥለው የደረቀውን ደህና ድንጋይ በመዶሻው ጀርባ ኳ አደረጉት። እንደ ደወል ጮኸ። ያኔ ብቻ «ደኅና አደራችሁ» አሉ፤ ለእኛ ይሁን ለድንጋዩ እስከ ዛሬ አላጣራሁም።

ዓይናቸውን ከፍንጣሪ የሚከላከሉት ከአሮጌ የዱቄት ወንፊት ቆርጠው በሠሩት መነጽር ነው። ለእኔም አንድ ሠሩልኝ። መሮውን በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይሞርዳሉ። «በደነዘዘ መሮ የሚመታ ሰው ድንጋይዋን እየሰደበ ነው» ይላሉ። መዶሻውን ጨብጠው አይይዙም፤ ጣቶቻቸው ላይ እንዲጫወት ይተዉታል።

እኔ ሥነ ጥበብ ስሜትን መግለጫ ነው እየተባልኩ ነው የተማርኩት። ድንጋይ ስሜቴን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ተናድጄ ብመታው ይሸረፋል፤ ተደስቼ ብመታውም ይሸረፋል። የሚፈልገው ማዕዘኑ ትክክል የሆነ፣ ልኩን የጠበቀ ምት ነው። ይህ እንዴት እንዳሳረፈኝ ነግሬ አልጨርስላችሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ራሴ ሳስብ ኖሬ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ከጠዋት እስከ ምሳ ስለ ራሴ ምንም ሳላስብ ዋልኩ። የተመታ ድንጋይ ሽታ አለው፤ ክብሪት ሲጫር የሚሸተውን ይመስላል። ማታ ልብሴ እሱን እሱን ሲሸት ባለቤቴ፣ «ደግሞ ምን አቃጠልክ?» ትለኛለች፤ እኔ እስቃለሁ።

ሁለት ወር ኮብልስቶን ከጠረብኩ በኋላ የእማማ ማርታን ድንጋይ መረጥኩ። ጠፍጣፋ፣ ግራጫ፣ ክንድ ተኩል የሚሆን ቁመት ያለው። እዚህ ላይ ነው ያበላሸሁት።

ታፔላ ጸሐፊ ባዶ ሰሌዳ ላይ አይጽፍም። መጀመሪያ ቀዳዳውን በስቱኮ ይደፍናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ ነጭ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ በእርሳስ ያሰምራል። እጄ ይህን ሳያስብ ያውቀዋል። ድንጋዩን ከሚፈለጥበት ካባ እንደመጣ ሱቄ አስወረድኩት፤ ፊደሎቹን በንጹሕ መደብ ላይ ነድፌ ጋሽ በራሶን ላስደምም ፈልጌ ነበር። ስቱኮ ቀባሁ። ነጭ ቀለም ደረብኩ። ወረቀት መስሎ አማረ። ግቢ ሳመጣው ጋሽ በራሶ ዙሪያውን ዞረው አዩትና፣ «ሙሽራ አስመሰልካት» አሉ። ጀሪካናቸውን አነሡ፣ ቀለሙን አዩት፣ መልሰው አስቀመጡ። «ሳትቀባ ውኃ አጠጥተሃታል?»

«አዎ» አልኩ።

አላጠጣሁም ነበር። ለምን እንደዋሸሁ አውቃለሁ፤ ቀለሙን ልፋቅ ማለት ስላልፈለግሁ ነው።

ከወር በላይ ጠረብኩት። ስማቸው አለቀ። «ቡና» የሚለውን ሁለተኛ ፊደል ስጀምር መዶሻው ላይ የተሰማኝ ድምፅ ተለወጠ፤ ካርቶን የምመታ መሰለኝ። ማቆም ነበረብኝ። አንዴ ደገምኩ። ድንጋዩ ሳይጮህ፣ ሳይፈነጠር፣ ዳቦ ሲቆረስ እንደሚሆነው ለሁለት ተከፈለ።

በግቢው ያለው መዶሻ ሁሉ ቆመ። ጋሽ በራሶ መጡ፤ ተቀመጡ፤ የተሰበረውን የውስጥ ፊት ወደ ብርሃን አዞሩት። ግማሹ ትኩስ ግራጫ ነው። ግማሹ ግን ዝናብ ለዘመናት ሲገባበት የኖረ፣ የዛገ ቆርቆሮ የመሰለ ቡናማ ነበር።

«ስንጥቋ ያንተ አይደለችም፤ የድሮ ናት» አሉ። «ያንተው መሸፈኑ ነው።»

ከዚያ ሄደው ሥራቸውን ቀጠሉ። ሰድበውኝ ቢሆን እመርጥ ነበር። ቁጭ ብዬ ሙያዬን አሰብኩት፤ የተበላሸ እንጨት፣ የላላ ግድግዳ፣ ያኮረፈ ድንጋይ፣ ሁሉንም አሳምሬ ስሸፍን ነው የኖርኩት፤ ጎበዝም ነበርኩ።

በማግስቱ በሞተር ኢዲዶ ሄድኩ። እማማ ማርታ ከቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ተቀምጠው እንከን ያለበትን ፍሬ በጣታቸው እየለዩ ያወጡ ነበር።

«ተሰበረብኝ እማማ።»

«የት ጋ?»

«‹ቡና› የሚለው ላይ።»

«ስሜስ?»

«ስምዎ ደኅና ነው።»

«እንግዲያ ሌላ ጀምር። እኔ የትም አልሄድም።» ፍሬ መልቀማቸውን ሳያቆሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አትቆይ ግን። ይሄ ጣት ጠዋት ጠዋት መደንዘዝ ጀምሯል። ዓይኔም እንዲህ እያለ ነው የሄደው።»

ያን ጊዜ ነው የምሠራው ነገር ምን እንደሆነ በትክክል የገባኝ። ሴትዮዋ ሐውልት አላዘዙኝም። የሚነበብ ነገር ነው ያዘዙኝ፤ የሚነበብበት ጊዜ ደግሞ እያለቀ ነው። ከጓሮው ጭቃ አንሥቼ ድቡልቡል ሠራሁና ጠቋሚ ጣታቸውን እንዲጫኑበት ጠየቅኋቸው። የሰሌዳዬ ፊደል ለዓይን የተሠራ፣ አንዱ ጎኑ ቀጭን አንዱ ወፍራም ነበር። የሚያስፈልገው ግን ከዳር እስከ ዳር የአንዲት ቡና ለቃሚ ጣት የሚያልፍበት ቦይ ነው። ጭቃውን በኪሴ ይዤ ተመለስኩ።

ሁለተኛውን ድንጋይ ራሴ ውኃ አፈሰስኩበት። ጎማው ላይ ከጋሽ በራሶ ጋር ተጠጋግተን ተቀመጥን። ከዳር ነጣ፣ መሐሉ ነጣ፣ ሁሉም ነጣ። ምንም አልደበቀም። ኳ ሳደርገው ጮኸ።

«ደኅና አደርክ መምህር» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የበለጡ ነበሩ። በእርሳስ አልነደፍኩም፤ በከሰል መስመር ብቻ አሰመርኩ። ጣታቸው በጭቃው ላይ የተወውን ጉድጓድ በሌላ ጭቃ ሞልቼ የጣታቸውን አምሳያ አወጣሁ፤ ቦዩን ቆፍሬ እሱን እገጥምበታለሁ፤ ካልገባ እንደገና። «ማ» ስትገባልኝ ብቻዬን ጮኽኩ። የግቢው ሰው ጣቴን መትቼ መስሎት ቀና እንኳን አላለም።

ድንጋዩን ቡና ሊጭን የሚሄድ አይሱዙ እስከ መንገዱ ዳር አደረሰልን። ከዚያ ወዲያ በቡናና በእንሰት መሐል የሚያልፍ የእግር መንገድ ነው። አራት ጎልማሶች ቃሬዛ አመጡ። ድንጋዩ እንዳይጫር ብዬ በአበበች ጋቢ አሳምሬ ሸፈንኩት። መሸፈን አለቀቀኝም።

ጥቂት እንደሄድን አንድ ሞተረኛ ሞተሩን አጠፋ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ እየገፋ ተከተለን። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሸክማቸውን ጥለው ገቡ። እኛ ዘንድ ቃሬዛ ያየ ሰው መንገዱን ትቶ ይከተላል፤ አይጠይቅም። ኋላ አንዷ ጠየቀች።

«የማን ነው?»

«የእማማ ማርታ» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ፤ እውነቱን ነበር።

ሴትየዋ ጮኸች። ሌሎቹ ተቀበሏት። «ሰዎች፣ ድንጋይ ነው!» እላለሁ፤ ለቅሶ መሐል የሚያብራራን ሰው ማንም አይሰማም። አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው፣ «አይዞህ፣ ሁላችንም ነን» አሉኝ። ቤታቸው ስንደርስ ከኋላችን ሠፈሩ ሙሉ ነበር።

እማማ ማርታ ከማድረቂያው አጠገብ ተነሡ። «ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

የሞተሩ ሰውዬ ኮፍያውን ደረቱ ላይ እንደያዘ፣ «እማማ… እርስዎ ነዎት» አለ።

«እኔ? መቼ?»

ሳቁ ከአበበች ጀመረ፤ ከዚያ ማቆሚያ አጣ። ያለቀሱት ሴቶች እየሳቁ እንደገና አለቀሱ። ቃሬዛውን አወረድን፤ ጋቢውን ገለጥኩ፤ እማማ ማርታን በርጩማ ላይ አስቀመጥናቸው። ጣታቸውን ያዝኩና የመጀመሪያው ቦይ አፍ ላይ አደረግሁላቸው።

ጣታቸው ገባ። ወረደ፣ ዞረ፣ ወጣ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ማ» አሉ። «ር…» ወደ ሦስተኛው ሲደርሱ እጃቸውን ነጠቅ አደረጉ።

«እዚህ ጋ ትነክሳለች።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ምንም አይታይም። ሳላይ ፈለግኋት። ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን ሰደድኩ፤ ከ«ታ» እግር ሥር የጤፍ ቅንጣት የምታክል ስለት አገኘሁ። በውኃ የራሰ መሳያ ድንጋይ ይዤ ተንበርክኬ ሞረድኩ። ጣታቸውን አስገቡ። «ገና።» ሞረድኩ። «ገና።» ዓይኔን መግለጥ ረስቼ ነበር። ዙሪያችን ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ የድንጋይና የውኃ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሞረድኩ።

«አሁን» አሉ።

ስማቸውን እስከ መጨረሻው አነበቡት። ሁለተኛውን መስመርም አነበቡ፤ «ቡና ለቀመች።» ተመልሰው ከመጀመሪያው ደገሙት፤ በዚህኛው ፈጥነው፣ እንደሚያውቁት መንገድ። ከዚያ እጃቸውን ድንጋዩ ላይ እንዳኖሩ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዞሩ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «በሉ እንግዲህ፣ መጥታችሁ የለም? አልቅሱልኝ፤ እየሰማሁ ነው።»